አባቴ ክኒኗ ሳትሟሟ የተነሱ ዕለት

ያን ዕለት ቤቴ ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን፦ አባቴ፣ ባለቤቴ፣ እኔ፣ ጀርባዬ ላይ የታዘለው የመጨረሻ ልጄ፣ ጓዳ የተደበቀችው ትልቋ ልጄ፣ መስተንግዶ ልታግዘኝ የመጣችው ጎረቤቴ፣ ከዚያም ለልጄ ሽማግሌ ሆነው የተላኩት ሦስት ሰዎች። ከሦስቱ አንዱ የነፍስ አባታችን ነበሩ። ሁለተኛው ልጄን ለትዳር የጠየቀው ልጅ አጎት ናቸው። ሦስተኛው ከአንኮበር በኩል የመጡ፣ እኛ ከዚያ ቀን በፊት አይተናቸው የማናውቅ ሰው ነበሩ። ደጅ ከታሰረው ውሻ በቀር ሌላ ነፍስ አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ኋላ በደብረ ብርሃን ገበያ "እኔም ነበርኩ፣ ሲወድቁ በዓይኔ አይቻለሁ" የሚል ሰው ስለበዛ ነው። አልነበሩም። የነበርነው እኛ ነን።

ጊዜው በእኛ አቆጣጠር ሃምሳዎቹ ውስጥ ነው። አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ የበግ ጠጉር ባና ሲሠሩ የኖሩ፣ ክንዳቸው የጠነከረ፣ ምላሳቸው ከክንዳቸው የባሰ ሰው ነበሩ። እናቴ ካረፈች በኋላ ከእኔ ጋር ይኖሩ ነበር። አንድ ክረምት ከወንዝ ዳገቱን ሲወጡ ደረታቸውን ያዛቸው። "አንድ ሰው ከኋላዬ ሆኖ በጠፍር ያስረኛል" ይሉ ነበር። ሲቆሙ ይለቃቸዋል፣ ሲራመዱ ይመለሳል። መጀመሪያ ነፋስ ነው አልን። ቀጥሎ ቡዳ ነው አሉን። በመጨረሻ ባለቤቴ በጭነት መኪና አሳፍሮን አዲስ አበባ ሐኪም ዘንድ ወሰደን።

ሐኪሙ የውጭ አገር ሰው ነበር። በአስተርጓሚ ነበር የምንነጋገረው። ደረታቸውን አዳመጠ፣ ብዙ ጠየቀ፣ ከዚያ በትንሽ ቡናማ ጠርሙስ የተቀመጠች መድኃኒት አዘዘላቸው። ክኒኗ ከጤፍ ትበልጥ እንደሆነ እንጂ ምስር አታክልም። እኔ ትምህርት ቤት የገባሁት እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው። አማርኛ አነባለሁ፤ ጠርሙሱ ላይ ያለው ጽሑፍ ግን የሌላ አገር ፊደል ነበር። ስለዚህ አስተርጓሚው የሚለውን ሁሉ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ ያዝኩ። አንዷን ነገር ሦስቴ እየጠየቅሁ ሰውዬውን አሰለቸሁት።

"ደረታቸውን ሲይዛቸው መጀመሪያ ይቀመጡ" አለኝ። "ከተቀመጡ በኋላ አንዷን ከምላሳቸው ሥር ያድርጉ። አይዋጧት፣ አያኝኳት። ራሷ ትሟሟለች። ከዚያ በኋላም ቶሎ አይነሱ።"

"ቢነሱስ?"

"ይወድቃሉ።"

"ለምን ይወድቃሉ?"

አስተርጓሚው ሐኪሙን ጠየቀልኝ። ሐኪሙ በጣቱ ክርኑ ላይ ያለውን የደም ሥር አሳየኝ። መድኃኒቷ የደም ሥርን ታሰፋለች ማለት ነው። የጠበበ ቦይ ሲሰፋ ውሃው ሳይታገል እንደሚያልፍ፣ ደሙም እንዲሁ ያልፋል፤ ልብም ታርፋለች። ነገር ግን ቦዩ በሰፋበት ሰዓት ሰው ድንገት ከቆመ ደሙ ወደ እግር ይወርዳል፣ ራስ ይጎድልበታል። ሌላም ነገረኝ። ከጠርሙሷ አውጥታችሁ ሌላ ዕቃ ውስጥ አታድርጉ፣ ክዳኗን አጥብቁ፣ ከእሳትና ከፀሐይ አርቁ። በላይዋ አረቄ እንዳይጠጡ። ደረቱን ያመመው ሁሉ ቢለምን፣ ወንድም ቢሆን እንኳ አታካፍሉ፤ ለእሳቸው የታዘዘች ናት። ሕመሙ አልለቅ ካለ ደግሞ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ሐኪም አምጧቸው።

አባቴ ወደ ቤት ስንመለስ ክኒኗን ከክታባቸው ጋር ቆዳ ውስጥ አሰፍቼ አንገቴ ላይ ላድርጋት አሉ። ከአንገት ክታብ የማይለይ ሰው፣ ከአንገት መድኃኒትም አይለይም ባይ ናቸው። እኔ አልኩ፦ "አባዬ፣ ከጠርሙሷ አትወጣም።"

"አንቺ ልጅ፣ ልጄ ነሽ ወይስ እናቴ?"

"ዛሬ እናትዎ ነኝ።"

ጠርሙሷን በጨርቅ ጠቅልዬ መቀነቴ ውስጥ ቋጠርኳት። ገበያ ስሄድ ለባለቤቴ እሰጠዋለሁ፤ ስመለስ ክዳኗን እንደገና አየዋለሁ። መድኃኒቷ ደረታቸውን ስታቀልላቸው ራሳቸውን ያማቸው ነበር። "በሽታው ከምድር ቤት ለቆ ቆጥ ላይ ወጣ" ይሉ ነበር አባቴ። ሐኪሙ ይህንንም አስቀድሞ ነግሮን ስለነበር አልደነገጥንም። ቁጭ ይሉና ዓይናቸውን ጨፍነው ግድግዳ ተደግፈው ይጠብቃሉ። ክረምቱም በጋውም እንዲህ አለፈ። እኔም ሁሉን ነገር ያወቅሁት መሰለኝ።

ሽማግሌዎቹ የመጡት በሰንበት ነው። አባቴ ከቅዳሴ መልስ የደብረ ብርሃንን ብርድ ተጋፍጠው፣ ከነጋቢያቸው ተጣድፈው መጡ። የልጅ ልጃቸው ልትጠየቅ ነው፤ መልስ የሚሰጡት እሳቸው ናቸው። ባለቤቴ የልጅቷ አባት ቢሆንም በአባቴ ፊት አፉን አይከፍትም። ጎረቤቴ ወንበር ስታስተካክል አባቴ መደቡ ላይ ቁጭ አሉና ደረታቸውን በመዳፋቸው ያዙ።

"ያቺን አምጪ" አሉኝ።

ፈጥኜ አውጥቼ አንዷን ሰጠኋቸው። ከምላሳቸው ሥር አደረጉ። ክዳኑን አጥብቄ ጠርሙሷን መለስኩ። ፊታቸውን አየሁ፤ የተቋጠረው ግንባራቸው መላላት ጀመረ። ተመስገን አልኩ በልቤ።

ወዲያው ውሻው ጮኸ። ደጅ "ቤቶች!" የሚል ድምፅ መጣ። ልጄ ወደ ጓዳ ገባች፣ ባለቤቴ በሩን ሊከፍት ወጣ። መጀመሪያ የገቡት የነፍስ አባታችን ናቸው፣ መስቀላቸውን በእጃቸው ይዘው። ከኋላቸው አጎትየው፣ ከዚያ የአንኮበሩ ሰው።

"ኖር!" አልን ሁላችንም።

"በማርያም!" አሉ የነፍስ አባታችን።

አባቴ ተነሱ።

ይህን እስከ ዛሬ ሳስበው ክው እላለሁ። ተቀመጡ የሚለውን ትእዛዝ ስንት ጊዜ ደግሜዋለሁ! ከወንዝ ሲመለሱ፣ ከሥራ ሲነሱ፣ ከአልጋ ሲወርዱ፤ ሁሉን አስቤ ነበር። ሰው ሲገባ እንደሚነሱ ግን ማን ያስባል? ሰው ሲገባ መነሳት እንደ መተንፈስ ነው። ሐኪሙ "ከመተንፈስ ተጠንቀቁ" አላለንም። ሲነሱ አየኋቸው፣ እጄ ተዘረጋ፣ አፌ ግን አልከፈት አለ። ልጅ ሆና አባቷን፣ ያውም ቄስ ፊት፣ መስቀል ፊት፣ "ይቀመጡ" የምትል ሴት የት አለች? ክኒኗ ከምላሳቸው ሥር ስላለች እሳቸውም አፋቸውን ገጥመዋል። ዝም ብለው ቀረቡ፣ ግንባራቸውን ወደ መስቀሉ ዝቅ አደረጉ። ግንባራቸው መስቀሉን ሳይነካ ፊታቸው አመድ መሰለ፣ ጉልበታቸው ከዳቸው፣ ከቄሱ እግር ሥር ተዘረጉ።

ጎረቤቴ "ወይኔ ወይኔ!" ብላ እሪታዋን ለቀቀችው። ልጄ መታየት የሌለባት ልጅ፣ ፀጉሯን ሳትሸፍን ከጓዳ ዘላ ወጣች። ጀርባዬ ላይ ያለው ሕፃን ማልቀስ ጀመረ። አጎትየው ወደ በሩ አንድ እርምጃ አፈገፈጉ፤ ሲያጉተመትሙ ሰማኋቸው፦ "የሚጥል ነው እንዴ? የሚጥል በሽታ አለባቸው?"

ባለቤቴና የነፍስ አባታችን አባቴን በብብታቸው ገብተው ሊያቆሟቸው ይታገላሉ። የአባቴ ራስ እንደ ሞተ ሰው ወደ ደረታቸው ወድቋል። ጎረቤቴ ደግሞ አረቄ ይዛ ደረሰች። "አፋቸውን አርጥቡላቸው፣ አረቄ ነፍስ ይመልሳል!"

"አረቄውን መልሺው!" አልኳት። ድምፄ የኔ አልመሰለኝም።

ባለቤቴ በአንድ እጁ አባቴን እንደያዘ በሌላው መቀነቴን ያዘ። "ክኒኗን! ሌላ አንድ ጨምሪላቸው! ልባቸው ነው፣ አይታይሽም?"

እዚህ ላይ ነው የደረቅሁት። ልባቸው ከሆነና ክኒኗን ብከለክል፣ አባቴን የገደልኩት እኔ ነኝ። ክኒኗ ከሆነች የጣለቻቸውና ሌላ ብጨምር፣ አሁንም የገደልኩት እኔ ነኝ። ለመጠየቅ ሐኪሙ ሩቅ ነው። እጄ ጠርሙሷ ላይ ነው። ባለቤቴ ይጎትተኛል፣ ልጄ ታለቅሳለች። በዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል የአስተርጓሚው ድምፅ መጣልኝ፦ ቢነሱስ? ይወድቃሉ። ፊታቸው ተቀምጠው ሳሉ ሲላላ አይቼ ነበር። የወደቁት ሲነሱ ነው። ሕመሙ አይደለም፤ መነሳቱ ነው።

"አታቁሟቸው!" አልኩ። "መሬት ላይ አስተኟቸው! እግራቸውን ወደ ላይ!"

"ምን?" አሉ የነፍስ አባታችን። "ሬሳ ናቸው እንዴ የምናጋድማቸው?"

"ይልቀቋቸው አባቴ! ይልቀቁ ብያለሁ!"

የነፍስ አባቴን ነው እንዲህ ያልኩት። ሽማግሌ በተላከበት ቀን፣ በገዛ ቤቴ። እሳቸውም ደንግጠው ለቀቁ። ባለቤቴ ግን መቀነቴን አልለቀቀም።

"ከነካኸኝ እጮኻለሁ!" አልኩት።

"እየጮኽሽ እኮ ነው!"

በዚህ ጊዜ እስካሁን አንድ ቃል ያልተነፈሱት የአንኮበሩ ሰው፣ ጋቢያቸውን ወደ ኋላ ጥለው መሬት ላይ ቁጭ አሉ። የአባቴን እግሮች ከነጭቃቸው አንስተው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ቀና ብለው አዩኝ።

"ልጄ፣ ይህ ይበቃል ወይስ ከፍ ይበል?"

"ከፍ ይበል።"

እግሮቹን ወደ ትከሻቸው አወጧቸው። እኔ የአባቴን መታጠቂያ ከወገባቸው አላላሁ፣ ራሳቸውን ወደ ጎን አዞርኩ፣ አፋቸው ውስጥ የቀረ ነገር እንዳያንቃቸው በጣቴ ጠረግሁ። ክኒኗ ሟምታ ሄዳለች።   የሕፃኑ ልቅሶ ብቻ ነበር የቀረው። እጄን ደረታቸው ላይ አድርጌ ስጠብቅ፣ ያ መጠበቅ ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም። የሰው ዕድሜ የሚያህል መሰለኝ።

መጀመሪያ ጆሯቸው ቀላ። ከዚያ ከንፈራቸው። ከዚያ ዓይናቸውን ገለጡና ጣራውን አዩ፣ ቀስ ብለው እግራቸው ወዳለበት አዩ።

"እግሬን የያዘው ማነው?"

"እኔ ነኝ" አሉ ሰውዬው። "ከአንኮበር።"

"ከአንኮበር እግሬን ሊይዙ ነው የመጡት?"

ልጄ ሳቅና ልቅሶ አንድ ላይ መጣባት፤ አፏን በነጠላዋ ጠቅልላ ወደ ጓዳ ሮጠች። አባቴ ሊነሱ ክርናቸውን ተደገፉ። ሁለት እጄን ደረታቸው ላይ ጫንኩ። "አይነሱም። እኔ እስክልዎት ድረስ ማንም ቢመጣ አይነሱም።"

"እንግዶቹ ቆመው እኔ ልተኛ?"

"ይተኙ!"

አጎትየው አሁንም በሩ አጠገብ ናቸው። የሚጥል በሽታ ያለበት ዘር ናቸው ከተባለ የልጄ ነገር አበቃ፤ ይህን ያን ጊዜ ነው ያሰብኩት፣ አባቴ ዓይናቸውን ከገለጡ በኋላ። ቀድሞ የልጄ ጋብቻ ከነመኖሩም ጠፍቶኝ ነበር። መድኃኒቷን አወጣሁ፣ ስለ ጠፍሩም ስለ ቦዩም ስለ ደሙም እየተንተባተብኩ ነገርኳቸው። ያመኑኝ አልመሰለኝም። የአንኮበሩ ሰው የአባቴን እግር እንደያዙ ፊታቸውን ወደ አጎትየው መለሱ።

"ወንድሜ፣ አንተ ያየኸው በሽታ አይደለም፣ ክብር ነው" አሏቸው። "እኛን ባያከብሩን ኖሮ አይወድቁም ነበር። ተቀምጠው ቢቀበሉን ደግሞ 'ለቄስ የማይነሳ ዘር' ብለህ ትሄድ ነበር።"

አጎትየው ከበሩ ወደ ውስጥ ተመለሱ። አባቴ ከወለሉ ላይ ሆነው፦ "ለመሆኑ ጉዳያችሁ ምንድን ነው?" አሉ።

የነፍስ አባታችን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። በአገራችን የልጅ ሽማግሌ ጉዳዩ እሺ ሳይባል አይቀመጥም። "ተቀመጡ" ሲባል "ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም" ይላል፤ ከተቀመጠ ልጅቷ ተሰጠች ማለት ነው። እሳቸውም የለመዱትን ንግግር ሊጀምሩ አፋቸውን ሲከፍቱ የአንኮበሩ ሰው ቀደሟቸው።

"ችግር አለ፣ አባቴ። እኔ ተቀምጫለሁ።"

የነፍስ አባታችን ወደ ታች አዩ። እውነትም ሰውዬው መሬት ላይ ቁጭ ብለዋል። አባቴ ሆዳቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። እኔ "አይሳቁ፣ አይሳቁ" እያልኩ ደረታቸውን እይዛለሁ።

"ሽማግሌ ከተቀመጠማ" አሉ አባቴ፣ "ልጅቷ ሄዳለች። ሌላ ምን ወሬ አለ!"

ልጄ እንዲህ ነው የተሰጠችው። አያቷ መሬት ላይ ተኝተው፣ እግራቸው እንግዳ ሰው ትከሻ ላይ ሆኖ። ባለቤቴ በሩን ተደግፎ ላቡን ይጠርግ ነበር። ኋላ "መቀነትሽን ብትፈቺልኝ ኖሮ ገድያቸው ነበር" አለኝ። የነፍስ አባታችን ጎንበስ ብለው መስቀሉን በአባቴ ግንባር ላይ አደረጉ።

"ከዛሬ ጀምሮ" አሏቸው፣ "ክኒኗ አፍህ ውስጥ ካለች ለእኔም ለጳጳስም አትነሳ። መስቀሉ ወደ አንተ ይመጣል።"

አባቴ በኋላ በኋላ ይህችን ፈቃድ አጣመሟት፤ ክኒን ሳይወስዱም መነሳት የማይፈልጉለት ሰው ሲገባ አፋቸውን ገጥመው ወደ ምላሳቸው ሥር ያመለክቱ ነበር። አዲስ አበባ በሄድን ጊዜ ለአስተርጓሚውም የሆነውን ስነግረው ለሐኪሙ ተረጎመለት። ሐኪሙ "ሰው ሲገባ ሁልጊዜ ትነሳላችሁ?" ብሎ ጠየቀን። "ሁልጊዜ" አልነው። እርሳሱን አስቀምጦ አየን። ከዚያ ወዲያ ለሌላው በሽተኛ ሁሉ ይህንን ጨምሮ እንዲነግርልኝ አስተርጓሚውን ለመንኩት፤ እሺ ብሎኛል።

አሁን ወደ አንኮበሩ ሰው ልመለስ፤ ይህን ሁሉ የጻፍኩት ስለሳቸው ነው።

ያን ዕለት ሲሸኙ ሁለቱ ሽማግሌዎች ቀድመው ወጡ። እሳቸው አጥሩ ዘንድ ቆም አሉና ዙሪያቸውን አዩ።

"ልጄ፣ ያ ጠፍር ያልሽው ነገር" አሉኝ፣ "እኔንም ያስረኛል። የአንኮበርን ዳገት ስወጣ። ስቆም ይለቀኛል። ከዚያች ክኒን ሁለት ብቻ ስጪኝ።"

ሁለተኛ ድንጋጤ ነበር። የአባቴን እግር ትከሻቸው ላይ የተሸከሙ ሰው ናቸው፤ ጭቃው ገና ጋቢያቸው ላይ አለ። ነፍሴን ቢጠይቁኝ እሰጣቸው ነበር። ጠርሙሷ መቀነቴ ውስጥ ነበረች፣ ስትከብደኝ ይሰማኛል።

"አልሰጥዎትም" አልኳቸው።

አጥሩን ተደገፉ።

"ለእሳቸው ያዘዘው ሐኪሙ ደረታቸውን ሰምቶ ነው። የእርስዎን ማን ሰማው? ዛሬ ያዩት ነገር ዳገት ላይ ብቻዎን ቢገጥምዎት፣ እግርዎን ማን ይይዝልዎታል? ከእኛ ጋር አዲስ አበባ ይሂዱ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ባለቤቴ ይወስድዎታል። እኔ ራሴ አብሬ እመጣለሁ።"

ሳቁ። ሳቃቸው የቅሬታ ይሁን የደስታ አልለየሁትም። "እንግዲህ ምን ይባላል" አሉ። "ልጅ ሰጣችሁን፣ ክኒን ከለከላችሁን።"

"ይመጣሉ?"

"አዝመራው ይግባና።"

አዝመራው ገባ። ቀጠሮው ደረሰ፤ ጠበቅናቸው፣ አልመጡም። ለሠርጉም አልመጡም። የልጁን አጎት ብጠይቃቸው ሰውዬው ዘመድ እንዳልሆኑ ነገሩኝ። ሦስተኛው ሽማግሌ በዋዜማው ታሞባቸው፣ ገበያ ያገኟቸውን ፊታቸው የሚያስከብር ሰው ነበር ለምነው ያመጡት። አንኮበር ቆላው በኩል ናቸው የሚል ነበር፣ የለም ደጋው ላይ ናቸው የሚልም ነበር። ባለቤቴ ሁለት ጊዜ ወርዶ ጠየቀ። አንዱ ወደ ደብረ ሲና ተሻግረዋል አለው፤ ሌላው እንደዚህ ያለ ሰው አላውቅም አለው።

አባቴ ከዚያ በኋላ ዓመታት ኖሩ፤ ያረፉትም በአልጋቸው ላይ፣ በእርጅና ነው። እኔ ዛሬም ብጠየቅ ያንኑ መልስ እሰጣለሁ፤ የሌላ ሰው መድኃኒት አልሰጥም። ነገር ግን ዳገት ባየሁ ቁጥር ዓይኔ የሚፈልገው እሳቸውን ነው።

ቁመታቸው መካከለኛ ነበር፤ የግራ ቅንድባቸው ላይ አሮጌ ጠባሳ ነበራቸው፤ ሲናገሩ ዝግ ብለው ነው። በደብረ ብርሃን አንድ ሰንበት የታመመ ሰው እግር ትከሻቸው ላይ እንደያዙ ለቤተሰባቸው አውርተው ይሆናል። የሚያውቃቸው ካለ፣ ወይም ልጃቸው ይህን ካነበበ፣ ሐኪም ዘንድ ደርሰው እንደሆነ ይንገረኝ።